ኮለሙ የበዛ ቴብል እንዴት ይሠራል?

ዳታቤዝ ላይ አምስት መቶ ኮለም (ዓምድ) ያለው ቴብል ሥሩ ከተባላችሁ መጀመሪያ የኮለሞቹን ስም ደርድራችሁ አንብቡ። «ስልክ1፣ ስልክ2፣ ስልክ3» ወይም «ሽያጭ_ወር1» እስከ «ሽያጭ_ወር12» የሚል ካያችሁ፣ እነዚህ ረድፍ መሆን የነበረባቸው ናቸው። ለብቻቸው ቴብል ሠርታችሁ በቁልፍ፣ ማለትም ሁለቱም ቴብል ላይ ባለ መለያ ቁጥር፣ አገናኟቸው። ዝርዝሩ ወዲያው ያጥራል።

ከዚያ የምትጠቀሙበትን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ወሰን እወቁ። ፖስትግሬስ እስከ 1600 ኮለም ይፈቅዳል። የማይኤስኪውኤሉ ኢኖዲቢ (ዳታውን የሚያስቀምጠው ክፍሉ) 1017፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ በተራ ቴብል 1024። በዚህ ቁጥር ግን እንዳትሸወዱ። ጣጣው ያለው የረድፉ መጠን ላይ ነው።

ፖስትግሬስ ላይ አንድ ረድፍ ባለ 8 ኪሎባይት ገጽ (ዳታው ተከፋፍሎ የሚቀመጥበት ቁራጭ) ውስጥ መግባት አለበት። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ውጭ ይቀመጥና በቦታው 18 ባይት ጠቋሚ ይቀራል። ቁጥር ግን የትም አይሄድም። አንድ ቢግኢንት (ትልቅ ሙሉ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) 8 ባይት ነው፤ 1600ው ሲደመሩ 12,800 ባይት፣ ማለትም አይገቡም። የሚያናድደው ነገር፣ ቴብሉ ሲፈጠር ምንም አይልም። ናል (ምንም ያልተሞላበት) የሆነ ኮለም ከአንድ ቢት በላይ ስለማይወስድ ግማሹ ባዶ የሆነ ረድፍም ሰተት ብሎ ይገባል። ሁሉንም የሞላ ተጠቃሚ የመጣ ቀን ነው ረድፉ ከ8160 ባይት በለጠ ብሎ የሚመልሰው። ስለዚህ ስትሞክሩ እያንዳንዱን ኮለም ሊይዝ በሚችለው ትልቁ መጠን ሞልታችሁ አስገቡ። በባዶ ረድፍ ሞክሮ «ይሠራል» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ማይኤስኪውኤል እዚህ ላይ ይሻላል፤ ገና ስትፈጥሩ ይቆጥራል። የረድፉ ጣሪያ 65,535 ባይት ነው። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ አንድ ፊደል እስከ 4 ባይት ስለሚይዝ፣ ቫርቻር 1000 (እስከ 1000 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍ) የሆነ ኮለም እንደ 4000 ባይት ይታሰብና 17ኛው ላይ ያስቆማችኋል።

አሁን የተረፈውን ክፈሉ። ፖስትግሬስ አንድ ኮለም ሲቀየር የረድፉን አዲስ ቅጂ ይጽፋል፤ ስለዚህ እንደ «መጨረሻ የገባበት ሰዓት» ያለ ሁሌ የሚቀያየር ነገር ወደ ሌላ ጠባብ ቴብል ይሂድ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚሞሉትን ጄሰንቢ (ብዙ ስምና ይዘት በአንድ ላይ የሚይዝ የኮለም ዓይነት) ውስጥ ጠቅልሏቸው። የምትፈልጉበት ወይም የምትደምሩት ግን ኮለም ሆኖ ይቆይ። ሁሉንም «ስም» እና «ይዘት» የሚሉ ሁለት ኮለሞች ባሉት ቴብል ማጨቅ የሚወድ ሰው አይጠፋም፤ እኔ አልመክርም። ቀኑም ገንዘቡም ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፣ ሪፖርቱን ማውጣት ፍዳ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፖስትግሬስ ላይ የሰረዛችሁት ኮለም ከ1600ው አይቀነስም። እየጨመራችሁ እየሰረዛችሁ ከሞከራችሁ ቁጥሩ ሳይታወቃችሁ ያልቃል፤ ያኔ ቴብሉን እንደ አዲስ ሠርቶ ዳታውን ከመገልበጥ ሌላ መላ የለም።