በሐምሌ የተቀረቀረው መሳቢያ

የእናቴ ኮመዲኖ ሦስት መሳቢያ አለው። ዋንዛ ነው፣ የድሮ ሥራ። ጎንደር ላይ ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ መካከለኛው መሳቢያ ተቀረቀረ። በጉልበት ሳብኩት። እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ! (እናቴ የሳቀችውን ሳቅ ልተወው።)

መላው ከላይ ነበር። የላይኛውን መሳቢያ እስከ መጨረሻው ስቤ፣ ፊቱን ከፍ አድርጌ አወጣሁት። በክፍተቱ እጄን አስገብቼ የተቀረቀረውን ከኋላ፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቅሁ ገፋሁት። ወጣ።

እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በስፋቱ ያብጣል። የመሳቢያው ጎን የሚፋተግበት ቦታ አብረቅርቋል። መላጊያ ላነሳ ነበር፤ ተውኩት። አሁን ከላግሁት በጋ ላይ እንጨቱ ይኮማተርና መሳቢያው ይላላል። ስለዚህ መሳቢያውን ባዶ አድርጌ ቤት ውስጥ አራት ቀን አናፈስኩት። ፀሐይ ላይ ቢወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ ከቅዳሜ ገበያ በገዛሁት የብርጭቆ ወረቀት የሚያብረቀርቀውን ብቻ አሸት አሸት አደረግሁት።

እናቴ «ዘይት ቀባው» ብላ ነበር። ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ጧፍ ግን ከቤታችን አይጠፋም። መሳቢያው የሚንሸራተትበትን እንጨትና የጎኑን ጠርዝ በጧፉ ሰም ፈተግሁ። አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል።

የእኔ የቺፑድ ቁም ሳጥን የብረት ሐዲድ ስላለው አወጣጡ ይለያል። ግራና ቀኝ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለች፤ አንዷን ወደ ላይ፣ ሌላዋን ወደ ታች ገፋ አድርጎ መሳብ ነው።

እጀታው? በአዲስ ብሎን ታስሯል።