ሲ ድራይቩ ሞልቷል፤ የሞላው ነገር ግን አይታይም

ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «ሲው ቀይ ሆነ፤ የማጠፋው ነገር ደግሞ ጨረስኩ» አለችኝ። ሲ ማለት ዊንዶውስ የተጫነበት ድራይቭ ነው፤ ሊሞላ ሲል መስመሩ ይቀላል። እውነቷን ነው። ፊልሞቿን አጥፍታለች። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጋለች። የምርቃት ፎቶዎቿን ሳይቀር ወደ ፍላሽ ገልብጣ ከላፕቶፑ ላይ ሰርዛለች። ያም ሆኖ ከ118 ጊጋ የቀራት 3 ብቻ ነበር። ሲ ውስጥ ገብቼ የሚታዩትን ፎልደሮች በሙሉ መረጥኩና ፕሮፐርቲስ አልኩ። 84 ጊጋ ይላል። ድራይቩ ግን 115 ተይዟል ባይ ነው። 31 ጊጋ የት ገባ?

እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ልዩነት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲስተም ሪስቶር ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ሲጭን ወይም አዲስ ድራይቨር (እንደ ፕሪንተር ያለ ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ሲገባ የኮምፒውተሩን ሁኔታ የሚይዝ ሪስቶር ፖይንት ያስቀምጣል። ነገሩ ከተበላሸ ወደዚያ ቀን መመለስ ይቻላል። የሚቀመጠው ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን በሚባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩን ብታገኙት እንኳ ዊንዶውስ አያስከፍታችሁም፤ መጠኑንም ዜሮ ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል። ስንደምር የሚጎድለን ለዚህ ነው።

እህቴን ያበሳጫት ግን ሌላ ነገር ነው። ባጠፋች ቁጥር ቦታው ተመልሶ ይሞላል። ለምን? ሪስቶር ፖይንት ሲፈጠር ድራይቩ ሙሉ በሙሉ አይገለበጥም፤ እንደዚያ ቢሆን ቦታም አይበቃ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሲለወጥ ብቻ የድሮው ቅጂ ወደ ጎን ይቀመጣል። ፊልሙን አጠፋችሁ እንበል። እሱ በነበረበት ቦታ ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍ የድሮው ይዘት ተገልብጦ ይቀመጣል። ስለዚህ ብዙ የሚጻፍበትና የሚጠፋበት ድራይቭ ላይ ይህ ክምችት ቶሎ ያድጋል፤ የሚቆመው የተሰጠውን ገደብ ሲነካ ነው። እህቴ ጋ ገደቡ 20 በመቶ ላይ ነበር። ሪስቶር ብቻውን 21 ጊጋ ይዟል። ቀሪው የሃይበርኔሽን ፋይል (ኮምፒውተሩ ሲተኛ የተከፈተውን ሥራ የሚያስቀምጥበት) እና የመሳሰሉት ድብቅ ፋይሎች ናቸው።

መፍትሄው ገደቡን ማሳነስ ነው። ስታርት ላይ «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ ፈልጉ። በሚከፈተው መስኮት ላይ ሲን መርጣችሁ ኮንፊገር በሉ። ከረንት ዩሴጅ የሚለው አሁን የተያዘውን ይነግራችኋል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ እዚህ ጊዜ አታጥፉ፤ ሌባው ሌላ ቦታ ነው። በቅርቡ ዊንዶውሳችሁን ወደ አዲስ ቨርዥን ካሳደጋችሁ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር እዩ። በ10 ቀን ውስጥ ወደ ድሮው እንድትመለሱ የተቀመጠ ነው፤ ኋላ ራሱ ይጠፋል።

ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ማክስ ዩሴጅ የሚለውን መጎተቻ ወደ ግራ ሳቡና አፕላይ በሉ። የቆዩት ሪስቶር ፖይንቶች ይሰረዛሉ፤ አዲሶቹ ይቀራሉ። በእኔ ልምድ ለ128 ጊጋ ዲስክ 5 በመቶ፣ ለ500 ጊጋ ደግሞ 2 ወይም 3 በመቶ ይበቃል። ዲ ድራይቭ ላይ ፊልምና ዶክመንት ብቻ ካላችሁ የዲውን ዝጉት።

እዚያው ዲሊት የሚል ቁልፍ አለ። ሁሉንም በአንዴ ያጠፋል። ተቸኩሎ የሚነካ ቁልፍ አይደለም። ኮምፒውተሩ ደህና እየሠራ ካልሆነ ጭራሽ አትንኩት፣ መመለሻችሁ እሱ ነውና። የግድ ከሆነ ካጠፋችሁ በኋላ ወዲያው ክሪኤት ብላችሁ አንድ አዲስ ፍጠሩ። ከዚህ የሚሻለው ዲስክ ክሊን አፕ የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ማጽጃ ነው። ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ፣ ቀጥሎ ሞር ኦፕሽንስ ብትሉ የመጨረሻውን ትቶ የቀሩትን ይሰርዛል። ድብቁን ፎልደር በጉልበት ከፍቶ በእጅ መሰረዝ ግን ይቅርባችሁ።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። በቸገራችሁ ቀን ሪስቶር ስትሉ «ሪስቶር ፖይንት የለም» ይላችኋል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያውኑ ተዘግቶ ነው፤ ብዙ ዊንዶውስ 10 ላፕቶፖች ላይ ተዘግቶ አግኝቼዋለሁ። ያው ኮንፊገር ውስጥ ተርን ኦን ማለት ነው። ክፍት ከነበረ ደግሞ ገደቡ በጣም አንሶ አዲሱ አሮጌውን እየገፋ አስወጥቶታል ማለት ነው። ሪስቶር ፖይንት ዕድሜም አለው። ዊንዶውስ 11 ላይ ከ2025 ሰኔ አፕዴት ወዲህ፣ በ24ኤች2 ቨርዥን፣ እስከ 60 ቀን ብቻ ይቆያል።

«ሪከቨሪ» የሚል ስም ያለው ዲ ድራይቭ ቀይ ሆኖ ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ የላፕቶፑ አምራች ዊንዶውስን እንደ አዲስ ለመጫን ያስቀመጠው ክፍል ነው። ከመጀመሪያውም ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ፎርማት አታድርጉት። እናንተ የጨመራችሁበት ፋይል ካለ አውጡ። ማስጠንቀቂያው ካልተወ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ የድራይቩን ፊደል ብቻ አንሱ።

የእህቴን 5 በመቶ አድርገን ሪስታርት አልነው። ባዶው ቦታ ከ3 ወደ 18 ጊጋ ገደማ ከፍ አለ። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ መልሼ ያስገለበጥኳት የምርቃት ፎቶዎቿን ነው። ሲስተም ሪስቶር የዊንዶውስን ፋይልና ፕሮግራም እንጂ ፎቶ አይመልስም፤ እሷ ደግሞ የነበራት ብቸኛ ቅጂ ያቺ ፍላሽ ላይ ነበር።