ቶርቲያውን ሳያስቀሩ፦ ለነፍሰ ጡር ላቲናዎች የአመጋገብ ትምህርት እንዴት ይሰጣል?

አሜሪካ ውስጥ ለላቲን አሜሪካ ተወላጅ እርጉዞች የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ገና ሲጀመር ይበላሻል። "ቶርቲያ (ስስ የበቆሎ ቂጣ) ተይ፣ ሰላጣ ብዪ" የተባለች እናት እሺ ብላ ትሄዳለች፤ ቤቷ ስትገባ የምትበላው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ አገሯን ጠይቁ። የሜክሲኮዋ የምትበላው ቶርቲያ በቦሎቄ ነው፤ የፖርቶ ሪኮዋ ደግሞ ሩዝ በርግብ አተር። ከጓቲማላ ደጋ የመጣችው አፍ መፍቻዋ ማም ወይም ኪቼ ሊሆን ስለሚችል የስፓኒሽ ወረቀት ላይጠቅማት ይችላል። ቀጥሎ ትናንት የበላችውን ከጠዋት ጀምራ ትንገራችሁ። መጠጡን ለይታችሁ ጠይቁ፤ ለስላሳውንና የተሰኳረውን ጭማቂ ከምግብ ስለማትቆጥራቸው አታነሳቸውም።

የዱቄቷን ከረጢት ይዛ ትምጣ። በአሜሪካ ንጥረ ነገር የሚታከልበት የስንዴ ዱቄት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎሊክ አሲድ (የጽንሱን አንጎልና አከርካሪ ከአፈጣጠር ጉድለት የሚጠብቅ ቫይታሚን) የግድ ይጨመርበታል። ለቶርቲያው የበቆሎ ዱቄት ግን በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ እሱም ፋብሪካው ከፈለገ ብቻ። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ "አሲዶ ፎሊኮ" (ፎሊክ አሲድ በስፓኒሽ) የሚለውን አብራችሁ ፈልጉ። ከሌለ የዱቄቱን ዓይነት ትቀይር፣ ቶርቲያውን አይደለም። የጽንሱ ነርቭ ዘንግ (ኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው) የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ፣ ብዙዎች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ለማርገዝ የምታስብ እህት አብራ ካለች በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አሁኑኑ ትጀምር።

ብረት በቀን 27 ሚሊግራም ያስፈልጋል። ቦሎቄው ላይ ሎሚ ይጨመቅበት ወይም ከጥሬ ቲማቲም በተሠራ ማባያ (ሳልሳ) ይበላ፤ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያስገባል። ቡና ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቅ።

ከሁሉም የሚከብደው ኬሶ ፍሬስኮ የሚባለው ለስላሳ አይብ ነው። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፤ እናትየዋን ቀላል ጉንፋን አስመስሎ ጽንሱን ሊገድል ይችላል። በ1985 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ አካባቢ እንዲህ ያለ አይብ ብዙ እርጉዞችንና ጨቅላዎችን ጎድቷል። "ፓስቸራይዝድ" (ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት የታከመ ወተት) የሚለው ጽሑፍ ብቻ ዋስትና አይደለም፣ ወተቱ በሙቀት ከታከመ በኋላም አይቡ ሊበከል ይችላልና። "አትብዪ" ከማለት፣ እንፋሎት እስኪወጣው (74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ) አሙቃ እንድትበላ አሳዩዋት።

"ለሁለት ብዪ" የምትለውን አማት ወይም አያት አብራችሁ ጥሩ፤ ድስቱ በእሷ እጅ ነው። ጭማሪው ከ4ኛው ወር በፊት የለም፤ ከዚያ በቀን 340 ካሎሪ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት 450 ገደማ ነው። ቁጥሩን ተዉትና ሳህን ላይ አሳዩ፦ ሁለት ትንንሽ ቶርቲያ፣ ግማሽ ኩባያ ቦሎቄ፣ አንድ በደንብ የበሰለ እንቁላል። ወደ 300 ካሎሪ ይሆናል።