የጋዝ ዑደት ስትሰሩ የሚያሳስቷችሁ ነገሮች

የቴርሞዳይናሚክስ ዑደት፣ ማለትም ጋዙ በተከታታይ ሂደቶች አልፎ ወደ መነሻው የሚመለስበት ዙር፣ ላይ አንዲት ስህተት መጀመሪያ ከገባች እስከ መጨረሻው አብራ ትዞራለች። ስለዚህ አንድ የቤንዚን ሞተር ሲሊንደር ይዘን እንይ። አየሩ በ27 ዲግሪ ሴልሺየስና በ100 ኪሎፓስካል ይጀምራል። ፒስተኑ ቮልዩሙን በአዲያባቲክ ሂደት ከ8 ወደ 1 ያምቀዋል፤ ማለትም ሙቀት ከውጭ ሳይገባ፣ ወደ ውጭም ሳይወጣ።

ሴልሺየስን እንዳለ ቀመር ውስጥ መክተት

27 ሲደመር 273፣ 300 ኬልቪን። ሁሉም ያውቀዋል፣ ፈተና ላይ ግን ይረሳል። ቁጥሩን ገና ስታዩት ቀይሩትና ሴልሺየሱን ሰርዙት።

የጌጅ ንባብን ሙሉ ግፊት ማድረግ

ጌጅ የሚነግረን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ጎማ ላይ 200 ኪሎፓስካል ካነበባችሁ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ሙሉው ግፊት 301 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 76 ገደማ ነው፤ ድምሩ ወደ 276 ይወርዳል። መጽሐፉ 101.3 ስላለ ብቻ እዚህ በለካችሁት ላይ እሱን አትደምሩ።

"ሙቀት" የሚለው ቃል

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። በአማርኛ ሙቀት የምንለው ሁለት ነገር ነው፤ ቴርሞሜትር የሚያነበውንም፣ ከውጭ ወደ ጋዙ የሚገባውን ኢነርጂም። አዲያባቲክ ሂደት ላይ ሙቀት አይገባም፣ አይወጣም ሲባል፣ ተማሪው "እንግዲያው ሙቀቱ አልተለወጠም" ይላል። ከዚያ ግፊት ሲባዛ በቮልዩም ቋሚ ነው ብሎ 800 ኪሎፓስካል ያወጣል። ትክክለኛው 1,838 ነው። ከእጥፍ በላይ ልዩነት!

የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው ይህን ያውቃል። ፓምፑ ከታች በኩል ይግላል፣ እሳት ግን ማንም አላስጠጋውም። ስትገፉት የሠራችሁት ሥራ ነው አየሩን ያሞቀው። እኔ ሳስጠና ቃሎቹን ለይቼ መጥራት ጀመርኩ፤ የሚገባና የሚወጣው ሙቀት፣ የሚለካው ቴምፕሬቸር። ይህችን ብቻ በማድረጌ ብዙ ግራ መጋባት ቀረ።

ፓወሩን ማቀያየር

ጋማ የጋዙ ሁለት የሙቀት አቅሞች (በቋሚ ግፊትና በቋሚ ቮልዩም) ሬሾ ነው፤ የአየር ጋማ 1.4 ነው። ለግፊት 8 ፓወር 1.4 እንወስዳለን፣ 18.38 ይመጣል። ለቴምፕሬቸር ግን ከጋማ ላይ 1 ይቀነሳል፤ 8 ፓወር 0.4 ወደ 2.3 ስለሆነ 689 ኬልቪን እናገኛለን። ለቴምፕሬቸርም 1.4ን ከወሰዳችሁ 5,514 ኬልቪን ይወጣል፤ የፀሐይ ገጽ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የቮልዩሙን ሬሾ ከገለበጣችሁ ደግሞ 131 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 142 ዲግሪ። እየታመቀ ያለ አየር እንዲህ ሊቀዘቅዝ አይችልም። ጋዙ ሂሊየም ከሆነ ጋማው 1.67 ነው፤ 1.4ን በልማድ አትጻፉ።

ሳያረጋግጡ ወደ ቀጣዩ ጥግ መሄድ

የጋዙ መጠን እስካልተለወጠ ድረስ ግፊት ሲባዛ በቮልዩም፣ ሲካፈል ለቴምፕሬቸር በሁሉም ጥግ (አንዱ ሂደት አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ነጥብ) እኩል መምጣት አለበት። መነሻው ላይ 100 ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለ300፣ 2.67 ነው። ከታመቀ በኋላ 1,838 ሲካፈል ለ689፣ አሁንም 2.67። ካልገጠመ እዚያው ቁሙ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። 800 ሲካፈል ለ300ም 2.67 ነው። ማረጋገጫው የሙቀትን ስህተት አይዝላችሁም። ለእሱ ወደ ጥያቄው ተመልሳችሁ ማንበብ አለባችሁ፤ ያልገባው ሙቀቱ ነው ወይስ ያልተለወጠው ቴምፕሬቸሩ?