ተመሳሳይ የጥሪ ስም ያላቸውን አውሮፕላኖች ላለማምታታት

ወደ ኮምቦልቻና ወደ ላሊበላ የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ቢገናኙና የጥሪ ስማቸው፣ ማለትም በሬዲዮ የሚጠሩበት መለያ፣ በ122 እና በ212 የሚያበቃ ቢሆን፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው አስቀድሞ መመሳሰሉን ለሁለቱም አብራሪዎች ያሳውቅ። ሙሉውን የጥሪ ስም አሃዝ በአሃዝ ይጥራ፤ ማሳጠር የሚያተርፈው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። አብራሪው የተፈቀደለትን ከፍታ ከነጥሪ ስሙ ሲደግም፣ ተቆጣጣሪው የጠበቀውን ሳይሆን የተባለውን ይስማ፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። የ212 አብራሪ ለ122 የተሰጠውን ትእዛዝ ቢቀበል ስህተቱ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ መልእክቱ ስለሚታፈን ዝምታ እንደ እሺታ አይቆጠርም፤ በ1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ደሴት በቴኔሪፍ 583 ሰዎች ካለቁበት የሁለት አውሮፕላኖች ግጭት በፊት ወሳኝ መልእክቶች በዚሁ መንገድ ተደነቃቅፈው ነበር። በወሎ ተራሮች መካከል ለሌላው የታሰበን የመውረድ ፈቃድ መቀበል አደገኛ በመሆኑ፣ የተጠራጠረ አብራሪ ከፍታውን ሳይለቅ ይጠይቅ።