መጽሐፈ ሩትን ከዘመኑ ወግ ጋር ለማንበብ

አራቱን ምዕራፎች ከመጀመርዎ በፊት ዘሌዋውያን 19፥9–10ን፣ 25፥25ን እና ዘዳግም 25፥5–10ን ያንብቡ። ታሪኩ የቆመው በእነዚህ ሕጎች ላይ ነው፤ ሳያውቋቸው የሚገቡ አንባቢዎች የፍቅር ታሪክ ብቻ ይዘው ይወጣሉ።

ቀጥሎ ወቅቱን ይያዙ። ኑኃሚንና ምራቷ ሩት ቤተ ልሔም የደረሱት በገብስ አጨዳ መጀመሪያ፣ ሚያዝያ አካባቢ ነው። ስንዴው ከሳምንታት በኋላ ይደርሳል። ባለእርሻው የማሳውን ዳርቻ ሙልጭ አድርጎ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም እንዳይለቅም ታዟል፤ ቃርሚያው የድሃና የመጻተኛ ነው። ሩት ደግሞ መበለትም ሞዓባዊትም ናት። የማሳው ባለቤትና የባሏ ዘመድ ቦዔዝ ጎበዛዝቱን እንዳይነኳት ማዘዙ ብቻዋን የምትቃርም ሴት ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠች እንደነበረች ያሳያል። ማታ ወቅታ የወሰደችው አንድ ኢፍ ገብስ ወደ 22 ሊትር ይጠጋል፤ ለአንድ ቀን ቃርሚያ እጅግ ብዙ ነው። ምክንያቱን 2፥16 ላይ ያገኙታል፦ አጫጆቹ ከነዶው ሆን ብለው እንዲጥሉላት ታዘዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ምዕራፍ 4 ላይ ነው። የጫማውን ነገር ከዘዳግም 25 ጋር አንድ ያደርጉታል። እዚያ የሟች ወንድሙን ሚስት ማግባት እምቢ ያለውን ሰው ሴቲቱ ጫማውን አውልቃ ፊቱ ላይ ትተፋለች፤ እዚህ ግን መሬቱን የመግዛት መብቱን ለቦዔዝ የተወው የቅርብ ዘመድ ራሱ ጫማውን ያወልቃል፣ በከተማው በር፣ በአሥር ሽማግሌዎች ፊት። ውርደት ሳይሆን የውል ማጽኛ ነው። ቦዔዝም የሟቹ የሩት ባል ወንድም አይደለም፤ መሬት መቤዠት (ዘመድ የሸጠውን መሬት መልሶ መግዛት) እና የሟቹን ስም ማስነሣት (መበለቲቱን አግብቶ ዘር መተካት) እዚህ ተጣምረዋል። 4፥7ን ያስምሩበት፦ ማብራሪያው ያስፈለገው ታሪኩ ሲጻፍ ልማዱ ቀርቶ ስለነበር ነው።