የድሮ ጋዜጣ ስናነብ «ወሬ» የሚለው ቃል እንዳያሳስተን

አያቴ የማታው ሁለት ሰዓት ሲቃረብ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርጉና «ዝም በሉ፣ ወሬ ሊነገር ነው» ይሉን ነበር። ዜና ማለታቸው ነው። ዛሬ ግን «ወሬ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣብን የቡና ላይ ጨዋታ ወይም ሐሜት ነው። የድሮ ጋዜጣ ጥራዝ የሚያገላብጡ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የዛሬውን ንቀት ይዞ ወደ ድሮው ገጽ መግባት ነው። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ሲጀመርም ሆነ አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በዚያ ዘመን አማርኛ «የውጭ አገር ወሬ» ማለት የውጭ ዜና ማለት ነው። «ወሬ ምንጭ» ደግሞ ዛሬ የዜና ወኪል የምንለው ነው። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እንዳይለት ሰጠኝ። ከአንድ ዜና ሥር «ከሮይተር ወሬ ምንጭ» የሚል አግኝቶ፣ ጋዜጣው ራሱ ነገሩ አሉባልታ መሆኑን አምኗል ብሎ ጽፏል። ሙሉ ምዕራፉ የቆመው በዚያች ሐረግ ላይ ነበር። ልቤ ተሰበረ፤ ልጁ በጣም ለፍቶበታል።

ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። «ወሬ» የተባለውን ሁሉ የተረጋገጠ ዜና ያደርገዋል። ይኼም አያስኬድም። ቃሉ ያኔም ጭምጭምታን ይይዝ ነበር። እኔ ሁልጊዜ የማየው ግሡን ነው። «ወሬ ደረሰን» ካለ ጸሐፊው የሚተማመንበት መልእክት መጥቶለታል። «ተብሎ ይወራል» ካለ ራሱን ከነገሩ እያራቀ ነው። «ወሬ ተነዛ» ካለማ ጭራሽ አላመነውም። «ወሬው ጠፋ» ሲል ደግሞ ዜናም ሐሜትም የለበትም፤ ሰውየው የት እንደደረሰ አልታወቀም ማለት ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሁሉንም ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ቆርጣችሁ አትውሰዱ፣ ዐረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ አንብቡት።

«ዜና» አዲስ ቃል ነው ብሎ ማሰብም አለ። አይደለም፣ ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ዜና መዋዕል የሚለውን ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህ ቀኑ የተቀደደ ቁራጭ ስታገኙ «ዜና ስለሚል የቅርብ ጊዜ ነው» አትበሉ።

እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሲጠቅሱ ቃሉን መቀየር ነው። አንባቢ እንዳይደናገር ተብሎ «ወሬ» ይሰረዝና «ዜና» ይገባል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ ቃል የጸሐፊው ነው፣ የእኛ አይደለም። ደግሞም ቅያሬው ሁሌም አይሠራም። «ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም» የሚለውን ውሰዱ። ከጦርነቱ ተመልሶ የሆነውን የሚናገር አንድ ሰው እንኳ አልቀረም፣ ሁሉም አለቁ ማለት ነው። እዚያ ላይ «ዜና ነጋሪ» ብታስገቡ ሐዘኑ ይጠፋል። ቃሉን እንዳለ ተዉትና ትርጉሙን ግርጌ ላይ በአንድ መስመር ጻፉ።